በጅማ ጎዳናዎች በእጅ ፎከስ ፎቶ ማንሳት

በእጅ ፎከስ ማድረግ ማለት የሌንሱን ቀለበት በጣት አዙሮ ጥርት ብሎ መውጣት ያለበትን ርቀት መምረጥ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ የዓይን ሥራ ነው፤ ጎዳና ላይ ግን የግምት ሥራ ነው። በሂርማታ ገበያ ግርግር መሃል ፊት እስኪጠራለት ድረስ ቀለበት የሚያሽከረክር ሰው፣ ፊቱ በጠራለት ቅጽበት ሰውየው አልፎት ሄዷል። የለመደ ፎቶ አንሺ ፎከሱን የሚጨርሰው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ከማንሳቱ በፊት ነው።

ዋናው ዘዴ ዞን ፎከስ ይባላል፤ ፎከሱን አስቀድሞ አንድ ርቀት ላይ አቁሞ በዙሪያው ባለው የጠራ ክልል መሥራት ነው። አፐርቸሩ፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ፣ ሲጠብ (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር)፣ ፎከስ ከተደረገበት ርቀት ወዲህና ወዲያ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክልል ይሰፋል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስል ተቀባዩ፣ ትልቅ በሆነ ፉል ፍሬም ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ ፎከሱ 2.5 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ከ1.7 እስከ 4.9 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል። 28 ሚሊ ሜትር በዚያው ኤፍ 8 ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ሲሆን ከ1.25 እስከ 5 ሜትር ይሸፍናል። 50 ሚሊ ሜትር ግን 3 ሜትር ላይ ቢደረግ የሚሰጠው ከ2.3 እስከ 4.2 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰውየው አንድ እርምጃ ከቀረበ ብዥ አለ ማለት ነው። ለጀማሪ 28 ወይም 35 የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ርቀቱ ገላ ውስጥ መግባት አለበት። ጅማ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መለኪያ አላት፦ ባጃጅ። ርዝመቷ 2.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፎከሱን 2.5 ሜትር ላይ ያደረገ ሰው በእሱና በሚያነሳው ሰው መሃል አንዲት ባጃጅ በቁመቷ ትገባለች ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሁለተኛው መለኪያ እርምጃ ነው። ቤት ደጃፍ ላይ 3 ሜትር በሜትር ለክቶ በስንት እርምጃ እንደሚያልቅ መቁጠር ነው፤ ለብዙ ሰው አራት ይሆናል። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው፤ ብዙ ካሜራዎች አናታቸው ላይ መስመር የሚያቋርጠው ትንሽ ክብ ምልክት አላቸው፣ እሱ ቦታውን ያሳያል።

ሃይፐርፎካል የሚባለው ስሌት ከዚሁ የተገኘ ነው፤ የጠራው ክልል እስከ ሩቁ ጫፍ እንዲደርስ ፎከሱ የሚቆምበትን ቅርቡን ርቀት ያሰላል። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ፎከሱ 5.1 ሜትር ላይ ሲሆን ከ2.6 ሜትር እስከ ማለቂያ የሌለው ርቀት ድረስ ይጠራል። በጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከነግቢው ለማንሳት ይህ ይበቃል። ለሰው ፊት ግን ደካማ ምርጫ ነው፤ 2.6 ሜትር ላይ የቆመው ሰው የክልሉ ጠርዝ ላይ ነው፣ ከበስተጀርባው ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ከፊቱ ይበልጥ ይጠራል። ሌንሱ ላይ የተቀረጹት የክልል መስመሮችም ለትንሽ ህትመት የተሰሉ ስለሆኑ ለጋስ ናቸው፤ ክልሉን አስፍተው ያሳያሉ። ኤፍ 8 ላይ ሆኖ የኤፍ 5.6ን መስመር ማመን ይሻላል።

የጅማ ሰማይ ስሌቱን ያከብደዋል። ዝናቡ ረጅም ነው፣ ደመናውም እንዲሁ። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ላይ ኤፍ 16 እና የ1/400 ሰከንድ ሹተር ይበቃል፤ በደመና ቀን ያው 1/400 ኤፍ 8ን ይጠይቃል፤ ደመናው ሲጠቁር 1/200 ይሆናል። በረንዳ ጥላ ሥር ጀበና የጣደችውን ሴት በኤፍ 8 እና በ1/400 ለማንሳት አይኤስኦውን 1600 ማድረስ ያስፈልጋል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ጨለማውን ሲያዩ አፐርቸሩን ኤፍ 2.8 ይከፍቱና፣ ፎከሱን ግን በኤፍ 8 ጊዜ ባስቀመጡበት ይተዉታል። ክልሉ መጥበቡን የሚያውቁት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ነው። የአይኤስኦ ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ንጹሕ ሆኖ ብዥ ካለ ፊት ይሻላል።

እጅ ላይ በብዛት የሚገኘው 18–55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው) የርቀት ቁጥር የለውም። መላው ቀላል ነው። ሌንሱን 18 ላይ ማቆም፣ ከግድግዳ 2 ሜትር በሜትር መለካት፣ አንድ ጊዜ በአውቶፎከስ ይዞ የፎከስ መምረጫውን ወደ እጅ ፎከስ መቀየር፣ ከዚያ ቀለበቱን በወረቀት ፕላስተር ማሸግ። ሴንሰሩ አነስተኛ በሆነ ካሜራ ኤፍ 8 ላይ ይህ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ያጠራል። ዙሙን ከነኩት ፎከሱ ይሸሻል፤ ስለዚህ የዙሙንም ቀለበት ማሸግ ነው። ቀለበታቸው ማቆሚያ የሌለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዳዲስ ሌንሶች ግን ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ የተቀመጠላቸውን ሊረሱ ይችላሉ፤ ለእነሱ ፕላስተር አይረዳም።

ዘኒት የሚባለው የድሮ የሶቪየት ካሜራ ሌንስ፣ በተለይ 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ 44፣ ለዚህ ሥራ ደስ ይላል፤ ቀለበቱ ሰፊ ነው፣ ርቀቱም በግልጽ ተጽፎበታል። በካነን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ በተራ አዳፕተር (ማገናኛ) ቀለበት እስከ ሩቁ ድረስ ፎከስ ያደርጋል። በኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ግን የኒኮን አካል ከዘኒቱ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር፣ ውስጡ ብርጭቆ የሌለው አዳፕተር ሩቁን አያጠራም። የካነንና የኒኮን ሌንሶች ቀለበት የሚዞርበት አቅጣጫም ተቃራኒ ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚጠቀም ሰው እጁ ይምታታል፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ቀለበቱን ወደ ሩቁ ጫፍ መመለስ እጅ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያውቅ ያደርጋል።

የሚንቀሳቀስን ነገር በቀለበት ማሳደድ አያዋጣም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 5.6 ሜትር ገደማ ትጨርሳለች፤ ጣት ሹተሩን እስኪጫን ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ላይ ቆሞ አስፋልቱ ላይ የሚታይ አንድ ምልክት፣ የኩሬ ጠርዝ ወይም የቦይ ክዳን፣ መምረጥና እዚያ ላይ ፎከስ አድርጎ መጠበቅ ነው። የሚጫኑት ጎማዋ ምልክቱን ሲረግጥ ሳይሆን ልትረግጥ ስትል ነው።

ከ1 ሜትር በታች ሲቀረብ ቀለበቱን ትቶ ገላን ማወዛወዝ ይቀላል። ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚጠርብን እጅ ለማንሳት ፎከሱን 0.7 ሜትር ላይ አቁሞ፣ ከወገብ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ የመሣሪያው ስለት ሲጠራ መጫን ነው። መስታወት አልባ ካሜራዎች የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳዩት ፒኪንግ እዚህ ይረዳል፤ ግን የነጠላ ጥለት ከፊት ቀድሞ ስለሚያበራ ያታልላል። ኤፍ 8 ላይ ደግሞ ሁሉንም ያበራዋል፤ ስለዚህ ሌንሱን ከፍቶ ፎከስ አድርጎ ከዚያ ማጥበብ ይገባል።

በዚህ ርቀት ሳይታዩ ማንሳት አይቻልም፣ መሞከርም ተገቢ አይደለም። በኦሮምኛ አካም ጅርቱ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27ም የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ክንውኖች የተለየ ድንጋጌ አለው።

ማታ በሱቅ መብራት 50 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2፣ 2 ሜትር ላይ የሚያጠራው ከ20 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ያኔ ዞን የሚባል ነገር የለም፤ የተቀመጠ ሰው መፈለግና ቅርብ ያለውን ዓይኑን መያዝ ነው።

በእጅ ፎከስ የሚደረግ ሌንስን ጅማ ላይ የሚገድለው እርጥበት ነው። ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ክረምቱን የከረመ ሌንስ ብርጭቆው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ከሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ይበቃዋል፤ ጥሬ ሩዝ ዱቄቱ ቀለበቱ ውስጥ ስለሚገባ አይመከርም።