«በቅድመ ሁኔታ ተቀብለንዎታል» ሲባል
የውጭ አገር ኮሌጅ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ምን ማለቱ ነው የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ባጭሩ ልመልስ። ኮሌጁ በቅድመ ሁኔታ ተቀበላችሁ ማለት ብዙውን ጊዜ የትምህርት ማስረጃችሁን ወዶታል፣ እንግሊዝኛችሁ ግን ገና ይቀረዋል ማለት ነው።

ኮሌጁ በአይኢኤልትስ (በእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) 6.0 ይጠይቃል እንበል፤ አመልካቿ ያላት 5.5 ነው። መጀመሪያ የቋንቋ ኮርስ ትገባለች፤ የተጠየቀውን ደረጃ ስታልፍ ወደ መረጠችው የትምህርት ክፍል ትሻገራለች። ክፍል ውስጥ መገኘት ብቻውን አያሻግርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ ቅበላው አይጸናም።

ከኮሌጅ ኮሌጅ የሚለያየው ዝርዝሩ ነው፦ ኮርሱ ለዲግሪው ይቆጠራል ወይ (አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም)፣ የወደቀ መድገም ይችላል ወይ፣ ከኮርሱ ይልቅ አይኢኤልትስን እንደገና መውሰድ ይበቃል ወይ። የቅበላ ደብዳቤው ይህን ካልገለጸ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።