«ዝም አይነቅዝም»፦ ከጎተራ የወጣ አባባል

ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሰው በነገር ሲነካካና መልሱ ምላሱ ላይ ደርሶ ሲተናነቀው፣ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው «ተወው፣ ዝም አይነቅዝም» ይለዋል። ብዙዎቻችን «አርፈህ ተቀመጥ፣ ጣጣ ውስጥ አትግባ» ማለት አድርገን እንሰማዋለን። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

መነሻውን ለማየት ጎተራ መክፈት ይበቃል። ነቀዝ ጎተራ ውስጥ ያለ እህል የሚጨርስ ትንሽ ተባይ ነው። እንስቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጥ እየበላ ያድጋል። ከውጭ ሲያዩት ፍሬው ደህና ይመስላል። አፈስ ሲያደርጉት ግን ገለባ ሆኗል። ለዘር ያስቀመጡት ከሆነ ደግሞ ብዙው አይበቅልም። ዓመት የለፉበት በቆሎና ማሽላ እንዲህ ሲሆን ያየ ገበሬ «ነቀዘ» የሚለውን ቃል ቀልሎ አይናገረውም።

ስለዚህ መላ ይፈልጋል። አመድ ይነሰንሳል። ወይም ትልልቁን እህል ከጤፍ ጋር ይደባልቃል። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይገባበትም፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ደግሞ ተባዩ መፈናፈኛ ያጣል። ጤፍ ራሱ ዓመታት ተቀምጦ እንኳ ደህና ነው። አባባሉን የተናገረ ሰው ዝምታን ያስቀመጠው እዚህ ጋ ነው፤ ከማይነቅዘው እህል ጎን። ያልተነገረ ቃል አይበላሽም፤ በፈለጉት ቀን አውጥተው ይዘሩታል።

ድምፁንም ልብ በሉት። «አይነቅዝም» የሚለው ቃል መጨረሻው «ዝም» ነው። በዝም ጀምሮ በዝም ያልቃል። ደስ ይለኛል ይሄ።

ልጅ ሆኜ አንድ ጥቅምት ጎጃም ከአያቴ ጋር ማሽላ ጠብቄያለሁ። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ነን። እኔ ወንጭፍ ይዤ እቁነጠነጣለሁ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም። «አባባ፣ ብቻዎን ሲሆኑ አይሰለችዎትም?» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነበር። ለእሳቸው ያ ጸጥታ ባዶ አልነበረም። ዝንጀሮው ገና ገደሉ አፋፍ ላይ ሳለ ያውቁታል። ንፋሱ ሲዞር ይሰሙታል። እኔ ምንም አልሰማም ነበር።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ከብት ማሳው ውስጥ ገብቶ ብዙ አጠፋ። ባለቤቱ ደግሞ ቀድሞ መጮህ ጀመረ። አያቴ አንድ ቃል አልመለሱም። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ከዚያ የጠፋውን ተናገሩ። ሰውየው ሳይከራከር ካሳውን ከፈለ። ማታውኑ ቢመልሱለት ኖሮ የሚተርፈው ጠብ ነበር።

ገጠር ለዝምታ ቦታ አለው። በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ቤቱን ትቶ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሱባኤ የሚገባ ሰው አለ። ማንም «ምን ሆነ?» አይለውም። መነኮሳቱ አርምሞ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ከመናገር መከልከል፣ እንደ ጾም። ለቅሶ ቤትም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ወግ ነው።

የዚህ አባባል ተቃራኒም አለን፦ «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት።» የሚጋጩ ይመስላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። ጎተራ የሚሞላው ሊከፈት ነው። በደል ደርሶባት አፍ አውጥታ ለምትናገር ሴት «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም ያናድደኛል። እሷን የሚያስፈልጋት የበጓ አባባል ነው።

ለራሴ የምለው አመሻሽ ላይ ነው፤ ተናድጄ ስልኬ ላይ ረጅም መልስ ጽፌ፣ ልልከው ስል። አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ሳነበው ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር ብቻ ይበቃዋል።