የዘኬዎስ ሁለተኛው ቃል

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

በጅማ የኅዳር ሚካኤል ሁሌም ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ላይ ይውላል። ዘንድሮም ስለቱ ሲገባ ምንጣፉም፣ ጃንጥላውም፣ ለሕንፃው የተሰጠው ብርም ከነሰጪው ስም ተነገረ። እልልታው ደመቀ። በኋላ ግን የለቃሚዎቹን ሒሳብ ሳይከፍሉ ስለት ያስገቡ እንዳሉ ሰማን። ልቤ አዘነ።

የቀራጮች፣ ማለትም የግብር ሰብሳቢዎች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ በሉቃስ 19፥8 የተናገረውን ሁላችንም እንወደዋለን። «ካለኝ ሁሉ እኵሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ» አለ። ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያበቃል። እሱ ግን ቀጠለ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ዘሌዋውያን 6 ላይ ሰውን ያታለለ ሰው የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ታዟል። አራት እጥፍ ግን በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው ቅጣት ነው፤ ዘጸአት 22፥1ን ተመልከቱ። ዘኬዎስ «ቀራጭ ነኝ፣ ሕግ ፈቅዶልኛል» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የሌባውን ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ። ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው።

እኩሌታው ምጽዋት ነው። አራት እጥፉ ግን ዕዳ ነው። እኛ ዕዳውን ትተን በምጽዋቱ እንመሰገናለን።

ለመፈልፈያ የመጣ እሸት ቡና አያድርም። በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ሲመሽ ጆንያውን ተሸክሞ አይመለስም፣ የተባለውን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ኪሎ ይቆርጣል። «የጆንያ ነው»፣ «የእርጥበት ነው» ይላል። ሲሸጥ ግን ሌላ ሚዛን ያወጣል። ዘዳግም 25፥13 በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሚዛን አይኑርህ የሚለው ለማን መሰላችሁ? ነጭ ለብሰን ከፊት ለምንቆመው ነው!

አሁን ደግሞ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚባል ነገር አለ። ለትምህርት ቤት ወንበር እንሰጥና ፎቶ እንነሣለን። መስጠቱስ ደግ ነው። ግን የመፈልፈያው ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ እየተለቀቀ ከታች ያሉት ሰዎች ምን ይጠጡ? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ሐር አልብሳችሁ ደጅ ላይ ዕራቁቱን አትተዉት ብሎ አስተምሯል።

ለቃሚዎች ሆይ፣ ያዕቆብ 5፥4ን አንብቡ። የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። እናንተ ድምፅ ባይኖራችሁ እንኳ ደመወዛችሁ አለው፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ፀባዖት ጆሮ ገብቷል። እግዚአብሔር ረስቶናል አትበሉ።

ሚዛን ላይ የምትቆሙ ልጆች፣ «አለቃዬ አዞኝ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። የእንጀራ ነገር ከባድ ነው። ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ባለቤቶች ግን የነቢያት ጾም ሳይፈታ መዝገባችሁን ግለጡ። የማን ስንት እንደቀረ ጻፉና ወስዳችሁ በእጁ ስጡት። ገንዘቡ የሚገባው ሰው ፈጽሞ ካልተገኘ ያኔ ለድሆች ይሁን።