የዘር ባንክና የገበሬ ዘር በኢትዮጵያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የምግብ ሉዓላዊነት የሚለው ቃል በዓለም ደረጃ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የዓለም የምግብ ጉባኤ በተካሄደ ጊዜ ነው። ይዞት የመጣው ላ ቪያ ካምፔሲና የሚባለው የገበሬዎች ንቅናቄ ነው። ከምግብ ዋስትና ጋር አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን ይለያያሉ። ዋስትና ሆድ ሞልቶ ማደር ነው፤ ስንዴው በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ቢራገፍም ሰው እስከበላ ድረስ ይቆጠራል። ሉዓላዊነት ግን ማን ዘራው፣ የማንን ዘር፣ ማን ወስኖ ብሎ ይጠይቃል። እኛ አገር ይህ ጥያቄ ስም ሳይወጣለት በፊት የያዘው ሥራ የዘር ጥበቃ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወደዚያው ያደላል።

ዘሩ

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቷል፣ በበቅሎ እየዞረ ዘር ሰብስቧል፣ በኋላም አገሪቱን ከዓለም ጥቂት የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ ብሎ መዝግቧታል። እሱ ሳይንሱን ሰጠው እንጂ ገበሬው ልዩነቱን ያውቅ ነበር። ለዚህ ምስክሩ ስሞቹ ናቸው። ጤፍ ማኛና ሰርገኛ ነው። ገብስ ውስጥ «ሰነፍ ቆሎ» አለ፤ ገለባው ቶሎ ስለሚለቅ ብዙ መፈተግ የማይፈልግ። ማሽላ ውስጥ ደግሞ የወሎው «ወተት በጉንጬ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት ያለባቸው የኢትዮጵያ ማሽላዎች ማግኘታቸውን ሲያሳውቁ የዚህ ዓይነት ማሽላዎች ነበሩ። ወተትነቱን የወሎ ሰው ያለ ላቦራቶሪ ጠርቶታል።

ሌላው ሁሌ የሚጠቀሰው የገብሱ ነገር ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ያጠቃ የነበረውን አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ጥቅሙ በዓመት እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል ይባላል። ግምት ነው። ለገበሬው የደረሰው ግን ግምት አያስፈልገውም፤ ምንም ነው።

ጂን ባንኩና የዶክተር መላኩ ዘመን

በንጉሡ ጊዜም በእርሻ ኮሌጆችና በምርምር ጣቢያዎች ዘር ይሰበሰብ ነበር። ራሱን የቻለ ማዕከል፣ ማለትም የዘር ናሙና የሚቀመጥበት ጂን ባንክ የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በምዕራብ ጀርመን እርዳታ ነው። የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ይባል ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አሁን ከ80 ሺህ በላይ ናሙና ይዟል። ዘሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ታሽጎ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1993 ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ትምህርታቸውን አሜሪካ ነብራስካ ጨርሰው የተመለሱ የሰብል ማዳቀል ባለሙያ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ ከስማቸው ተነጥሎ አይወራም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ትልቁ ስጋት የሰዉ መራብ ብቻ አልነበረም። የተራበ ገበሬ በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። ያን ከበላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራው የለውም፤ በእርዳታ የሚመጣለት ዘር ደግሞ የእሱን አፈርና የእሱን ደጋ አያውቅም። ማዕከሉ የአካባቢውን ዘር እየሰበሰበ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ወደ መያዝ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ የመጣው ሐሳብ ነው ዋናው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር አይሞትም፣ ግን አይለወጥምም። ማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከድርቁ፣ ከዋጉ፣ ከውርጩ ጋር እየታገለ ይለመዳል። ስለዚህ ጥበቃው ገበሬው እጅ ላይም መሆን አለበት ተባለ። ያኔ ይህ አነጋገር በሳይንስ መድረክ ብዙም የሚወደድ አልነበረም። ዶክተር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ፤ በካናዳ ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው «ዘር ለሕልውና» ፕሮግራምም በዚያው ሰሞን ሥራ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በተለያዩ የአየር ጠባይ አካባቢዎች የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች ተሠሩ።

ኤጀሬ

ከነዚህ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ምሥራቅ ሸዋ ያለው የኤጀሬ ባንክ ነው። አካባቢው የጥንት የዱረም ስንዴ፣ ማለትም ለፓስታ የሚሆነው ጠንካራ ስንዴ አገር ነበር። ምርጥ ዘር የተባለው የዳቦ ስንዴ ሲገባ ነባሩ ከማሳ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። የተመለሰው ከጂን ባንኩ ናሙና ወጥቶ፣ ገበሬዎች እጅ ላይ ተባዝቶ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አባሉ በክረምት መግቢያ ዘር ይበደራል፤ ሲያመርት ትንሽ ጨምሮ በዓይነት ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ከአውድማ የተዛቀ አይደለም። ዘሩ ገና ሳይታጨድ ይመረጣል፤ ጥሩውን ዛላ ለይቶ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የሴቶቹ ዓይን ነው።

ነባሩ ስንዴ ቁመቱ ረጅም ነው። ለአዳቃዮች ይህ ጉድለት ነው፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት ይተኛልና። ገበሬው ግን ጭዱን ለበሬው ይፈልገዋል። እኔም ልጅ ሆኜ አያቴ ጎታ ሥር ስቀመጥ ለዘር የተለየውን ቅል መንካት ክልክል ነበር፤ አመድ የተነሰነሰበት፣ አፉ በጭቃ የተመረገ ቅል። ዘር ባንክ ስል ሁሌ እሱ ነው የሚመጣብኝ።

ከኤጀሬ ውጭ ስለ አንዳንዶቹ ባንኮች ብዙ አይወራም። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚቀዘቅዝ ሥራ መሆኑ ራሱ የታወቀ ችግር ነው። ገበያውም አለ፤ ፓስታ ፋብሪካ ዱረም ይፈልጋል፣ ግን ብዙና አንድ ዓይነት ይፈልጋል።

አፈሩ

ዘር ብቻውን አይበቃም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የኮምፖስት ሥራ አለ። የተመዘገበው ምርት ምንም ካልተደረገበት ማሳ እጥፍ ገደማ፣ በብዙ ቦታም ከኬሚካል ማዳበሪያው የበለጠ ነው። ይህን የሚጠራጠሩ የግብርና ባለሙያዎች አሉ፤ ለአገር ሙሉ የሚበቃ ኮምፖስት ከየት ይመጣል ይላሉ። ጥያቄው አግባብ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ በሚያልቅበት አገር በተለይ። እዚያው ትግራይ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ መዝራት ሐንፈጽ ይባላል፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ። ኮንሶ እርከኑን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ አስመዝግቧል። እንሰት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ክርክሩና ሕጉ

መንግሥት በ2015 ዓ.ም ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን አውጇል፤ በሌላ በኩል የእርዳታ እህል ያልተቋረጠባቸው አካባቢዎች ስላሉ ጉዳዩ አከራካሪ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ግን ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አቤት ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። ከባሕር ማዶ በሚመጣ ከረጢት ላይ የተንጠለጠለ ምርት ምን ያህል የራስ ነው የሚለውን ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጠየቀ።

የጤፉ ነገርም አለ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም ለመካፈል ተፈራርሞ፣ በጎን በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የሚገርመው ከሳሽና ተከሳሽ የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም። የማኅበረሰብ እውቀትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ቢሆንም ከድንበር አያልፍም። በ2005 ዓ.ም የወጣው የዘር አዋጅ ደግሞ ገበሬው ያስቀረውን ዘር መልሶ እንዲዘራ፣ ለጎረቤቱም እንዲለውጥና እንዲሸጥ አልከለከለም። አሁንም አገሪቱ ከምትዘራው አብዛኛው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፦ ከራስ ጎተራ፣ ከጎረቤትና ከቅዳሜ ገበያ።