የክፍተት አምላክ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ማይክ ይዞ «ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጆን ፖልኪንግሆርን የእግዚአብሔርን መኖር በኳንተም አረጋገጡ» ሲል ሰማሁት (ኳንተም የሚባለው የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ ነው)። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ፖልኪንግሆርን ግን እንዲህ ካለው ክርክር ሲሸሹ ነው የኖሩት።

ክርክሩ ስም አለው፤ የክፍተት አምላክ ይባላል። ሳይንስ ያልደረሰበት ቀዳዳ እየተፈለገ የሚወተፍ አምላክ ማለት ነው። ቀዳዳው በሌላ ሲደፈን መድረሻ ያጣል። ኒውተን ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ምሕዋራቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛነፍ ፈጣሪ አልፎ አልፎ ማስተካከል ይኖርበታል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ መጣና የጁፒተርና የሳተርን መዛነፍ ከዚያው ከስበት ሕግ የሚመነጭ፣ በ900 ዓመት ገደማ ዞሮ የሚመለስ መሆኑን አሰላው። ጠጋኙ ሥራ ፈታ።

ፖልኪንግሆርን የካምብሪጅ የሒሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ወንበራቸውን ለቀው ለክህነት ሊማሩ ገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የአንግሊካን ቄስ ሆኑ። ፊዚክስን ክደው አልነበረም፤ የድርሻዬን ሠርቻለሁ ብለው ነው።

የሚወዷት ምሳሌ ማንቆርቆሪያ ነች። ውኃው ለምን ይፈላል? ጋዙ ስለሚነድ። ለምን ይፈላል? ሻይ ስላማረኝ። ሁለቱም መልስ እውነት ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም። እስቲ ምሳሌዋን ትንሽ ልግፋት። የኛ ባለማይክ የሚለው «እሳቱ ውኃውን 90 ዲግሪ አደረሰው፣ የቀረውን ሻይ ያማረው ሰው በአምሮቱ ጨመረበት» ነው። (ቀረ የምለው ሁለት ዲግሪ ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነውና። መቶ ብላችሁ አትጻፉብኝ።) አምሮት በቴርሞሜትር አይለካም፤ ከዲግሪዎቹ መካከልም አይደለም። በተቃራኒው የቆመውስ? «ጋዙን አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ሻይ የፈለገ ሰው የለም» ይላል። ሁለቱም ጠበኞች የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን መልሶች ያሻማሉ።

«ታዲያ ኳንተምን ለምን ያነሱታል?» ትሉኝ ይሆናል። ብርሃን ማዕበልም ቅንጣትም ሆኖ ሲገኝ የፊዚክስ ሰው የለመደውን አስተሳሰብ አስፍቶ እውነታውን መቀበል ነበረበት። ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነትም ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟታል ይላሉ። ያነጻጸሩት የአስተሳሰቡን መንገድ ነው፤ ማስረጃ አላሉትም።

ቅር የሚለኝ ነገር ግን አለ። እግዚአብሔር በዓለም ውስጥ እንዴት ይሠራል ሲባሉ፣ ፖልኪንግሆርን ወደ ኬዮስ ቲዎሪ (መነሻቸው በጥቂቱ ቢለያይ ውጤታቸው እጅግ የሚለያይ ሥርዓቶችን ወደሚያጠናው ዘርፍ) ጠቆም አድርገዋል፤ እንደ አየር ጠባይ ያለው ሥርዓት መተንበይ የማይቻለው የወደፊቱ በእርግጥ ክፍት ስለሆነ ነው ብለው። የኬዮስ እኩልታዎች ግን አንድ መነሻ ከሰጠናቸው አንድ መድረሻ ብቻ ነው ያላቸው። የሚያቅተን መነሻውን በበቂ ጥራት መለካቱ ነው። እሳቸው እኩልታዎቹ ራሳቸው ግምታዊ ናቸው፣ እውነታው ከእነሱ ይልቅ ልል ነው ብለው ይመልሳሉ። እኔን አላሳመኑኝም፤ ያቺ ቀዳዳ በጓሮ በር ተመልሳ የገባች ይመስለኛል። እሳቸውም ቢሆኑ ያቀረቡት መላምት ብለው ነው።