ፍሪሉፍትስሊቭ ምንድን ነው? ለጎንደር ክረምትስ ምን ይጠቅመናል?

ፍሪሉፍትስሊቭ የኖርዌጂያኖች ቃል ነው። ደጅ መዋል፣ ክፍት አየር ላይ መኖር እንደማለት ነው። ቃሉ ለአፍ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ጭጋግ ቢሆን፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የተወሰነ ጊዜ ደጅ ያሳልፋል። ስፖርት አይደለም፤ ሰዓት የሚይዝ፣ ማን ቀደመ የሚል የለም። ትልቅ ሽርሽርም አይደለም፤ መኪና መከራየት፣ ስንቅ ማሰናዳት አይጠይቅም። ሰፈር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ወክ ማድረግ፣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ መጠጣት፣ ልጆችን ይዞ ጭቃ ላይ መጫወት፣ ሁሉም ፍሪሉፍትስሊቭ ነው። ዋናው የአየሩን ጠባይ ምክንያት አድርጎ አለመቅረት ነው።

አሁን ያነሳሁት ክረምት ስለሆነ ነው። ጎንደር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ውሏችን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከቤት ሥራ ቦታ በባጃጅ፣ ከሥራ ቦታ ቤት በባጃጅ፣ ከዚያ በርና መስኮት ዘግቶ ቴሌቪዥን ወይ ስልክ ላይ ማፍጠጥ። ተማሪው እረፍት ላይ ነው፣ ግን ቀኑን አልጋ ላይ ይገፋዋል። መስከረም እስኪጠባ ሁሉም "ደበረኝ" ይላል። ዝናቡ ነው ይላል። እኔ ግን ድብርቱን የሚያመጣው ዝናቡ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ተዘግቶብን መቀመጣችን ነው የሚጎዳን፣ ይህን ደግሞ መቀየር እንችላለን።

እስቲ መጀመሪያ ኖርዌጂያኖቹን እንያቸው። ቃሉ ሲነሳ የጸሐፊው የሄንሪክ ኢብሰን ስም አብሮ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1859 በጻፈው ግጥም ውስጥ ተጠቅሞበታል። በ1868 የአገሪቱ የእግር ተጓዦች ማኅበር ተቋቋመ፣ ተራራ ላይ ማረፊያ ጎጆ እየሠራ፣ መንገዱ ላይ ምልክት እያደረገ እስከ ዛሬ አለ። በ1957 ደግሞ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ በእግሩ መሄድ ይችላል፤ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር እስከራቀ ድረስ ድንኳን ተክሎ ማደርም ይችላል። የሰው ደጅ የመውጣት መብት በሕግ ተጻፈለት ማለት ነው።

የእነሱ ክረምት ደግሞ የእኛ ዓይነት አይደለም፤ ዝናብና ጭቃ ሳይሆን በረዶና ጨለማ ነው። ትሮምሶ በምትባለው ሰሜናዊ ከተማቸው ከኅዳር አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም። እንዲህም ሆኖ ሰዉ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ይወጣል። ሕፃናት በጋሪያቸው ተጠቅልለው ደጅ ይተኛሉ፣ መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉትም በብርዱ ውጭ ይጫወታሉ። "መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ ነው ያለው" የሚል አባባል አላቸው።

ካሪ ሊቦዊትዝ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እዚያ ድረስ ሄዳ ሰዎቹ ስለ ክረምት የሚያስቡትን አጥንታለች። ክረምት ሊወደድ የሚገባው ወቅት ነው ብለው የሚያስቡት ሰዎች በሕይወታቸው የበለጠ እርካታ እንዳላቸው አገኘች። የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፦ ወደ ሰሜን፣ ብርዱና ጨለማው ወደሚበረታበት በተሄደ ቁጥር ይህ በጎ አስተሳሰብ እየጨመረ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ክረምት ይጨልማል እንላለን አይደል? ነገር ግን በጎንደር የዓመቱ ረጅም ቀን የሚውለው ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ልክ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ያን ቀን ብርሃኑ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ ታኅሣሥ ላይ ግን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። በቡሄ ሰሞን ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከጎንደር ሰማይ አናት ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። ደመናው ስለሸፈናት አናያትም እንጂ እዚያው አናታችን ላይ ናት። ስለዚህ በነሐሴ ብርሃን ያጣነው ሰማዩ ነፍጎን አይደለም፣ ቤት ስለምንቀመጥ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ብርሃን በሉክስ ይለካል። አምፖል የበራበት ሳሎን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ነው። ደጅ፣ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ እንኳ፣ ከ1,000 እስከ 10,000 ሉክስ ይሆናል፤ በጠራራ ፀሐይ ወደ 100,000 ይደርሳል። ዓይናችን በቶሎ ስለሚለምድ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ አይታወቀንም። አእምሯችን ግን ያውቀዋል። አንጎል ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ፣ ያ ሰዓት የሚሞላው በዋናነት በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን ነው። ጠዋት በቂ ብርሃን ሲያገኝ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ሰውነት ይነቃል፣ ማታም በሰዓቱ እንቅልፍ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ከዋልንና ማታ ስልክ ላይ ካፈጠጥን ግን ሰዓቱ ይዛባል። ሌሊቱን መገላበጥ፣ ጠዋት አልነሳም ማለት፣ ከሰዓት መነጫነጭ የሚበዛብን አንዱ በዚህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በክረምት እየተመላለሰ የሚመጣ የድባቴ ሕመም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ናቸው ስም ሰጥተው የገለጹት። ከሕክምናዎቹ አንዱ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። ያንን መብራት እነሱ በገንዘብ ይገዙታል። የእኛ ደጅ በነፃ ክፍት ነው።

አየሩም ሌላ ጉዳይ ነው። በክረምት ብርዱን ፈርተን መስኮት እንዘጋለን፣ ከዚያ ቡና ለማፍላት ወይ ለመሞቅ ከሰል እናቀጣጥላለን። ይሄ በጣም አደገኛ ነው። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፣ በተዘጋ ክፍል ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። እባካችሁ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፣ ሲገባም መስኮት ይከፈት፣ ከሰል እየነደደ ማንም አይተኛ። ደጁ ግን በክረምት ከበጋው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ የበጋውን አቧራ ዝናቡ ያጥበዋል። በሚያዝያ በአዘዞ መንገድ የሄደና በነሐሴ የሄደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

"ብርድ ይመታሃል ልጄ፣ ግባ!" ትላለች እናት። ፍቅሯ ነው፣ አልነቅፋትም። ጉንፋን ግን የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ ቫይረሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፣ በጣም የሚመቸውም ሰው በታጨቀበት፣ መስኮት በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ነው። እንዳይበርደን መልበስ አለብን፣ ትክክል። ግን ስድስት ሰው በአንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚያስል አንድ ሰው ጋር ከመዋል ደጅ መንቀሳቀሱ ይሻላል።

ስለ ስሜትም አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፣ በእንግሊዝ ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ። በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችንም ስሜታችንም ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከማይወጡት ይበልጣል። በአንድ ቀን ተጠቃሎም ሆነ በየቀኑ ተከፋፍሎ ልዩነት አላመጣም። እርግጥ ነው፣ ጤነኛው ሰው ቀድሞውኑ የመውጣት አቅም ስላለው ሊሆን ይችላል፣ ጥናቱ ግንኙነቱን እንጂ ምክንያቱን አላረጋገጠም። ግን 120 ደቂቃ በቀን ሲካፈል ከ20 ደቂቃ ያንሳል። ከልባችን ብናስብበት የማናገኘው ጊዜ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ፣ ወይ የመኖር ፍላጎት ካሳጣ፣ ያ በወክ ብቻ የሚድን አይደለም፣ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ደግሞ ነገሩ ለእኛ ባዕድ እንዳይመስላችሁ። የደባርቅና የዳባት እረኛ ገሳውን ደርቦ በዝናብ ውስጥ ይውላል። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፋቸውን ገምደው ሜዳ ላይ ያጮሃሉ፣ "ሆያ ሆዬ" እያሉ በጭቃው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ሙልሙላቸውን ይሰበስባሉ። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" የሚለው ሕዝብ ክረምቱን ደጅ ሆኖ፣ ሰማዩን እያየ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። በፍልሰታ ጾምም ስንት እናቶችና አባቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በካፊያው ቤተ ክርስቲያን ይመላለሳሉ። ደጅ መውጣቱን የተውነው በተለይ እኛ የከተማ ሰዎች፣ ያውም ቢሮና ስልክ ያሰረን ነን።

እንዴት እንጀምር? ሰዓቱን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። በደጋው ክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው፣ ለአንጎል ሰዓትም የሚበጀው የጠዋት ብርሃን ነው። በጣም ማልዶ ወይም መሽቶ መውጣቱን ተዉት፣ ውሻም ጅብም አለ፣ የሰፈራችሁን ሰላም ደግሞ እናንተው ናችሁ የምታውቁት።

ልብስ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፣ ግን ጥጥ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፣ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀታችሁንም ይወስዳል። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። የቀድሞ ሰዎች ከበግ ጸጉር ባና መሥራታቸው በምክንያት ነው። ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ነገር፣ ላስቲክም ቢሆን፣ እግር ላይ ቦቲ ወይም ጥርስ ያለው ሶል። ጋቢው ቤት ይጠብቃችሁ፣ ስትመለሱ ትለብሱታላችሁ።

ቦታ ደግሞ ጎንደር ሞልቷታል። ከፒያሳ ተነስታችሁ የፋሲል ግቢን አጥር እየታከካችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብትወጡ የግቢው ጽድና ወይራ ዝናብ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ ሌላ ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደውን ነው። በጥምቀት ሰው እንደ ጎርፍ የሚሞላው ያ ቦታ በነሐሴ ጭር ይላል፣ የግንቡን አጥር ሥራቸው ያቀፈው ትልልቅ ዛፎች ቅጠላቸው ሁሉ ያበራል፣ ድንጋዩ ላይ ሽበት ይበቅላል፣ ወፉ ይንጫጫል። ወደ ቁስቋም ዳገቱ ያደክማል፣ ጎሃ ኮረብታ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ጉሙ ከተማውን ሸፍኖ ቀስ እያለ ሲገለጥ ታያላችሁ። ለወኩ አንድም ብር አያስፈልግም፣ በመመለሻ መንገድ ዳር ላይ ለሚጠበሰው በቆሎ ካልሆነ።

ጥንቃቄውን አደራ። ነጎድጓድ ከተሰማ ወክ አበቃ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ ነው፤ ቤት ወይ መኪና ውስጥ ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳትቆዩ አትውጡ። ዋርካ ሥር መጠለል በፍጹም አይሆንም፣ ረጅም ዛፍ መብረቅ ይስባል። ቀሃና አንገረብ ሲሞሉ ልጆች ዳር ላይ አይጫወቱ፣ ላይ የዘነበ ዝናብ ታች ላይ በድንገት ነው የሚደርሰው። አስም ያለበት ሰው ቀዝቃዛ አየር ሊያስነሳበት ስለሚችል አፍንጫውን በሻሽ ይሸፍን፣ መድኃኒቱንም ይያዝ። ለአረጋውያን ደግሞ የሚያንሸራትተው ጭቃ ከብርዱ ይብሳል፣ እነሱን አስፋልትና ኮብልስቶን ባለበት፣ ከተቻለ ክንዳቸውን ይዞ ማንሸራሸር ነው። ቤት ስትደርሱ እርጥቡን ልብስና ካልሲ ወዲያው ቀይሩ፣ እግራችሁን በደንብ አድርቁ፣ በተለይ በጣቶቻችሁ መካከል።