ፋህቨርክ ጭቃ ቤት ነው ወይስ የእንጨት ቤት?

ጀርመን ውስጥ ክቬድሊንቡርግ የምትባል ከተማ ብቻ ከ2,000 በላይ ፋህቨርክ ቤቶች አሏት። ፋህቨርክ ማለት ቤቱን የሚሸከመው የእንጨት አጽሙ ነው ማለት ነው። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ሙሌት ነው፤ ድሮ እንደኛው ጭቃ ቤት ጭድ የገባበት ጭቃ ነበር። ሙሌቱ ቢወጣም ቤቱ አይወድቅም። ለዚህ ነው ባለቤቶቹ በየዘመኑ ጭቃውን በጡብ የቀየሩት፣ መስኮት ያሰፉት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እሳት እንዳይበላውና የድንጋይ ቤት እንዲመስል ብለው ብዙውን የለሰኑት። ስለዚህ ፊቱን ብቻ አይታችሁ ዕድሜውን አትገምቱ። ቀና በሉ። ላይኛው ፎቅ ከታችኛው አልፎ ወደ መንገዱ ከወጣ፣ ከልስኑ ሥር አሮጌ እንጨት ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው መገጣጠሚያው ላይ አናጢው የጫረውን፣ የሮማ ቁጥር የሚመስል ምልክት ነው፤ እንጨቱ መጀመሪያ መሬት ላይ ተገጣጥሞ ይፈታና በዚያ ምልክት እየታየ እንደገና ይቆማል።